በድምፅ ብልጫ የተወሰነ ዲፈረንሻል

አባቴ ውሸት አይናገርም ነበር። ይህን የምለው ልጁ ስለሆንኩ ላሞግሰው አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ አንጀቴን ያሳረረው ይሄው ጠባዩ ነው። ጎረቤት ጠላ ቀድተውለት "እንዴት ነው?" ካሉት "ቀጥኗል" ይላል። እናቴ በጠረጴዛ ሥር እግሩን ብትረግጠው "ምነው ረገጥሽኝ?" ብሎ ጮክ ብሎ ይጠይቃታል። እንዲህ ያለ ሰው ከፋሲካ እስከ እንቁጣጣሽ አንድ ቀበሌ ከነሊቀ መንበሩ፣ ከነመካኒኩ አንዲት የውሸት ቃል ሳይናገር አቁሞ መክረሙን ስናገር የሚያምነኝ የለም።

መሪጌታ ነው። ቅኔውንም አቋቋሙንም ተምሮ ሲያበቃ የልጆች ሆድ አስገድዶት ሐኪም ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠረ። እዚያ ይሠራ የነበረ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናውን ሸጠለት። ከሳሎናችን የምትረዝም፣ ከኋላ ሁለት ክንፍ ያላት፣ የቅቤ ቀለም የተቀባች መኪና ናት። ሰፈርተኛው መሪጌታ ሀብታም ሆነ ብሎ አማው። እሱ ግን የገዛት ለሀብት አልነበረም።

የገዛት በታላቅ እህቴ ምክንያት ነው። እህቴ ጭልጋ ተድራ፣ በመጀመሪያ ልጇ ምጥ ጸናባት። ገጠር ስለነበረች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጎንደር አመጧት። አባቴ ወሬ ደርሶት ሊቀበላት አዘዞ ድረስ ወጣ። ቃሬዛው ከሩቅ ሲታየው የተሸከሙት ሰዎች አይሮጡም፤ ቀስ ብለው ይራመዳሉ። በዚያ አወቀ። ከዚያ ወዲህ ስሟን ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም። መኪናዋን ገዛና ግቢ አቆማት። "ምን ያደርግልሃል?" ያለው ሰው ሁሉ "ለክፉ ቀን ናት" የሚል መልስ ነው ያገኘው። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ያጥባታል፣ ሞተሯን አስነስቶ ያዳምጣታል፣ ያጠፋታል።

አብዮቱ ሲመጣ አባቴ ፀዳ ላይ ያከራያት የነበረችው ቤት ትርፍ ተብላ ተወረሰች። "እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሳ" ብሎ ተወው። ቀጥሎ ግን የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ዕቃ በውሰት መውሰድ ጀመረ። አግዳሚ ወንበራችንን ለጊዜው ወሰደ። የእናቴን ትልቁን ድስት ለሴቶች ማኅበር ለጊዜው ወሰደ። በቀበሌያችን ለጊዜው ሄዶ የተመለሰ ነገር ያየ ሰው ካለ እኔ አላገኘሁትም። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ፊደል ያስቆጠረው አባቴ ነው፤ ስብሰባ ላይ "ጓድ መሪጌታ" ይለውና እቤት ሲመጣ ረስቶት "የኔታ" ይላል።

እኔ የመጀመሪያ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ባሌም አስተማሪ ነው፤ ያኔ መሠረተ ትምህርት ዘምቶ ዛሪማ ነበር። ዛሪማ ማለት ከሊማሊሞ ቁልቁለት ማዶ ነው፤ እዚያ ያለ ባል ሌላው ቢቀር ለምጥ ቀን አይደርስም። ነፍሰ ጡር መሆኔን የነገርኳቸው ቀን እናቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት አባቴ ተነስቶ ወጣ። በመስኮት ሳየው መኪናዋን እየዞረ ጎማዎቿን ይረግጣል። ደስ ብሎት እንደሆነ ነው የመሰለኝ። ለካ ፈርቶ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሊቀ መንበሩ መጣ። ቀበሌው ለሥራ መዘዋወሪያ መኪና ስለሚያስፈልገው ቅዳሜ እንደሚወስዳት ተናገረ።

"ለጊዜው ነው፣ የኔታ" አለ።

"ብትሄድላችሁ ውሰዷት" አለ አባቴ።

ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ እናንተ ግን ከአሁኑ ብታውቁት ይሻላል። የዚያች መኪና የኋላ ጎማ የሚያያዘው ከሌላው መኪና በተለየ መንገድ ነው። ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ ጫፉ እንደ ጦር ሾጠጥ ያለ ነው፤ ጎማው እዚያ ላይ ይጠልቃል። ሁለቱን አያይዛ የምታስኬዳቸው በጎናቸው በተቆፈረ ቦይ የምትሰካ፣ የትንሽ ጣት አንጓ የምታህል ብረት ናት። እሷ ወጥታ በጎማው መሀል ያለው ትልቁ ዳዶ ከላላ ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሹም ይገባል፣ ዘንጉም ይዞራል፤ ጎማው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ይህን ዓይነት ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ዘንጎች የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ የሚያውቅ ሰው የጎማውን ቆብ ነቅሎ መሀሉን ያያል። የማያውቅ ከሥር ገብቶ ቡሎን ይቆጥራል። አባቴ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የቀኙን ጎማ ቆብ ነቅሎ ያቺን ብረት አወጣና በዳዊቱ ማኅደር ውስጥ ከተታት።

ቅዳሜ ሊቀ መንበሩ መካኒክ ይዞ መጣ። መካኒኩ የመንግሥት ጋራዥ ሠራተኛ ነው፤ ጣሊያን ሠራሽ የጭነት መኪና ፈታትቶ ያደገ፣ ረጋ ያለ ሰው። ሞተሩ ተነሳ። ማርሽ ገባ። መኪናዋ አጉረመረመችና ቆመች። መካኒኩ በክሪክ የኋላ ጎማዎቿን ሁለቱንም ከመሬት አነሳ። አንዱን ጎማ በእጅ ሲያዞሩት ሌላኛው በየት በኩል እንደሚዞር እየታየ የውስጡ ይታወቃል አለን። የቀኙን አዞረው። የግራው ንቅንቅ አላለም።

"ውስጡ ተፈጭቷል" አለ። "ዲፈረንሻሉ መለወጥ አለበት።"

"ይለወጣላ" አለ ሊቀ መንበሩ።

"ዓይነቱ ሲታወቅ ነዋ። የአሜሪካን ዲፈረንሻል ከኋላው ክዳን አለው፤ የክዳኑ ቡሎን ይቆጠራል። ባለ አሥር አለ፤ ባለ አሥራ ሁለት አለ።"

"ቁጠረዋ።"

መካኒኩ ከሥር ገባና ቆየ። እግሩ ብቻ ነው የሚታየን።

"ምንም የለውም" አለ ከዚያው ሆኖ። "ከኋላ ድፍን ነው። እንደ ድስት ቂጥ።"

እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ "ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው" አለች። ስለ ድስት ሲነሳ ዝም ማለት አትችልም፤ የእሷ ድስት አልተመለሰም።

ሊቀ መንበሩ ወደ አባቴ ዞረ። "የኔታ፣ እርስዎ ያውቋታል። ዓይነቱ ምንድን ነው?"

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። ቀጥተኛ ጥያቄ ሲመጣበት እንደ ትርጓሜ ቤት ነው የሚመልሰው፤ አንዱን ንባብ በብዙ መንገድ ይፈታዋል፤ እያንዳንዱን ፍቺ "አንድም" እያለ ይጀምራል። "ከኋላ ያየው ድፍን ነው ይለዋል" አለ። "አንድም፣ ከፊት ያየው ክፍት ነው ይለዋል፤ አሥር ዳዶ በፊቱ አለና። አንድም፣ ዘንግን በመሀሉ የሚያውቁት አሉ፣ በጫፉ የሚያውቁት አሉ። አንድም..."

"ይበቃል፣ የኔታ" አለ ሊቀ መንበሩ። ከዳዊት አላለፈም፤ አንድምታ ሲሰማ ዓይኑ ፈዘዝ ይላል። እኔም ብሆን ሰልችቶኝ ወደ ቤት ገብቻለሁ። አባቴ ግን ነግሯቸዋል። በጫፉ የሚያውቁት አሉ ብሎ እቅጩን ነግሯቸዋል። ጎማው ዘንድ ሄዶ ጫፉን ያየ አንድ ሰው የለም።

ነገሩ ወደ ኮሚቴው ሄደ። የቀበሌው ጸሐፊ ያደረጉኝ በግድ ነው፤ ጽሕፈትሽ ሸጋ ነው ተብዬ። ስለዚህ ሆዴን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፌ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። አጀንዳው "የአሜሪካኗን መኪና የኋላ ዲፈረንሻል ዓይነት መወሰን" የሚል ነው። መካኒኩ ዓይነቱ አልታወቀም ብሎ ቁጭ አለ። አንዱ አባል እንፍራንዝ መንገድ ዳር የተገለበጠች የአሜሪካን መኪና መኖሯን፣ ባለቤቱም አገር ጥሎ መሄዱን ተናገረ። የእሷ ዲፈረንሻል ይምጣ አለ። መካኒኩ እጁን አውጥቶ ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለመሆናቸው ማረጋገጫ የለም አለ። እዚህ ላይ ወጣት ማኅበሩን የወከለው ልጅ ተነሳና ሁለቱም የተሠሩት በአንድ ኢምፔሪያሊስት አገር፣ ለአንድ መደብ መንፈላሰሻ ስለሆነ በመሠረቱ ልዩነት ሊኖራቸው አይችልም አለ። ተጨበጨበ።

ድምፅ ተሰጠ። በሁለት ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ የሁለቱ መኪኖች ዲፈረንሻል አንድ ዓይነት ነው ተብሎ ተወሰነ። ድምፁን ያቀበው መካኒኩ ነው። እኔ ጻፍኩት። ስጽፍ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ግን ያን ሰሞን ሳቅ ወደ ለቅሶ ለመዞር ጊዜ አይፈጅበትም ነበርና ከንፈሬን ነክሼ ዋጥኩት።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ የእንፍራንዙ ዲፈረንሻል ከነዘንጉ በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። ወንዶች ተረባርበው ግቢያችን አወረዱት። ከኋላው ክዳን አለው፤ ቡሎኑም በትክክል አሥር ነው። ሊቀ መንበሩ በደስታ ሁለት ጊዜ ቆጠረው። መካኒኩ ግን ገመድ አውጥቶ ለካና ከእኛው በስንዝር ተኩል እንደሚያንስ ተናገረ።

"አይቆረጥም?" አለ ሊቀ መንበሩ።

"አጭር ነው፣ ጓድ። ረጅም ቢሆን ነበር የሚቆረጠው።"

ሌላ ስብሰባ ተጠራ። ሂስና ግለ ሂስ ተደረገ፤ ወጣቱ ስለ መደብ የተናገረውን እንዳለ ይዞ ስንዝር ተኩሉን ብቻ ተቀበለ። ዲፈረንሻሉ መፍትሔ እስኪገኝለት ለጊዜው ግቢያችን ይቆይ ተባለ። እናቴ በማግስቱ ፀሐይ ብልጭ ሲል በርበሬ አሰጣችበት።

ሁሉም ነገር ያስቅ ነበር፤ እኔ ግን ፈርቼ ነበር። ሆዴ ገፍቷል። ክረምቱ ከብዷል። ሌሊት ሲዘንብ ጭቃው፣ ተሸካሚዎቹ፣ ቃሬዛው ይታየኛል። መኪናዋ የእውነት ተሰብራለች ብዬ ነው የማምነው። አንድ ቀን ከቀበሌ ስመለስ አባቴ በረንዳ ላይ ዳዊት ይደግማል። ቦርሳዬን ወረወርኩና ፈነዳሁበት። "ወይ አሠራት፣ ወይ ይዘዋት ይሂዱ! ግቢ ውስጥ ቆማ እያየኋት እንደ እህቴ መሞት አልፈልግም" አልኩት። በእኛ ቤት እህቴን ማንሳት አልተለመደም። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ተመለሰች።

አባቴ ዳዊቱን አጠፈ። "ቀኑ ሲደርስ ትነሳለች" አለኝ።

"በምን? በጸሎት?"

"ትነሳለች አልኩሽ።"

የሃይማኖት ነገር መሰለኝና ይብሱን ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ያን ሲለኝ እጁ ማኅደሩ ላይ ነበር።

ምጡ የያዘኝ መስከረም ሁለት ጠዋት ነው። የአብዮት በዓል። ከጎረቤት ሰው ሁሉ ሰልፍ ወጥቷል፤ መውጣት ግዴታ ነው። ታክሲም ጋሪም የለም። እናቴ ብዙ ሴት ያዋለደች ናት፤ እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ቆየችና ፊቷ ተለወጠ። "ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ሐኪም ቤት" አለች። ሰልፍ መሄድ ያቃታቸው ሦስት ሽማግሌዎች ሰምተው መጡ። የእድሩን ቃሬዛ ተሸክመዋል። ቃሬዛውን አየሁት። አለቀልኝ አልኩ፤ በግልጽ እንዲያ ነው ያልኩት።

አባቴ ሽማግሌዎቹን በሩ ላይ አቆማቸው። "እግዜር ይስጥልኝ። መልሱት" አላቸው። ከዚያ ገብቶ ዳዊቱን ከግድግዳው ላይ አወረደ፤ ከማኅደሩ ውስጥ ያቺን ብረት አወጣ። እናቴ የሚጸልይ መስሏት ነበር ልታማትብ የጀመረችው፤ ብረቱን ስታይ እጇ ግንባሯ ላይ ቀረ።

በተከፈተው በር አየዋለሁ። በክሪክ አነሳት። የጎማውን ቆብ ነቀለ፤ ዳዶውን ፈታ። ጎማውን በቀስታ እያዞረ ቦይና ቦይ አገጣጠመ፤ ብረቷን አስገብቶ በመዶሻ መታ መታ አደረጋት፤ ዳዶውን በሙሉ ክብደቱ ተንጠልጥሎ አጠበቀው።

"አንተ ሰውዬ" አለች እናቴ፣ በብብቴ ደግፋ ስታወጣኝ። "ይሄን ሁሉ ወር በሆድህ ይዘህ? ለእኔ እንኳ?"

"አልጠየቅሽኝም" አላት።

መኪናዋ ሄደች። ምንም እንዳልነበረባት ሄደች። ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው መንገድ በፒያሳ ነው፤ ፒያሳ ደግሞ ሰልፉ ነው። አባቴ ክላክሱን ይዞ መሀሉ ገባ። ከፊታችን ሴቶች ማኅበር፣ ከኋላችን ወጣት ማኅበር፣ መሀል ላይ ክንፍ ያላት የቅቤ ቀለም መኪና። ሕዝቡ የሰልፉ አንድ ክፍል መስለነው አጨበጨበልን። አንዱማ ለትርኢት የመጣን የጠላት ምርኮ አድርጎን "ይውደም!" አለ። እኔ ደግሞ ያን ሰዓት የምጮኸው ሌላ ጩኸት ነው፤ ከመፈክሩ ጋር ገጠመ።

ሊቀ መንበሩ ቀይ ጨርቅ ክንዱ ላይ አስሮ ከቀበሌያችን ሰልፈኛ ፊት ይሄዳል። ዞር ሲል አየን። መጀመሪያ መኪናዋን አየ። ቀጥሎ የቀኙን የኋላ ጎማ አየ፤ ይዞራል። ከዚያ በመስኮቱ እኔን አየኝ። አባቴም አየው፤ አላቆመም። ሊቀ መንበሩ መፈክር የተጻፈበትን ጨርቅ ለጎኑ ሰው ሰጥቶ ከፊታችን መሮጥ ጀመረ። "ጓዶች፣ ወደ ዳር! ወደ ዳር!" እያለ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሰዉን ከፍሎ አሳለፈን።

ሐኪሙ "ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ" ብሎ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ሴት ልጅ ተወለደች። አባቴ ሲገባ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ነው። ልጅቷን እንዲይዛት እናቴ ስትሰጠው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ወደ ኋላ አለ፤ አቆሽሻታለሁ ብሎ። እንደዚያ እጁን እንዳነሳ ቆሞ አለቀሰ። እህቴን የቀበርን ቀን እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም። የዚያን ቀን ለሁለቱም አለቀሰ።

ሊቀ መንበሩ በማግስቱ ይመጣል ብለን ጠበቅን። የመጣው ሳምንቱን አሳልፎ ነው፤ ለአራስ ጥየቃ አብሽና ማር ይዞ። መኪናዋን አልፏት ገባ፤ ሲወጣም አልፏት ወጣ። በሩ ላይ ብቻ ዞር ብሎ "ክርስትናው እስኪደርስ ትቁም" አለ። በእግዜር የማያምን ሰው ነው፤ ቢያንስ በስብሰባ። ወንድ ብወልድ ክርስትናው በአርባ ቀን ነበር። ሴት ስለሆነች ሰማንያ ሆነ፤ አርባ ቀን አተረፍን።

ክርስትናው በዋለ ማግስት መጣ። አባቴ መኪናዋን አጥቦ ቁልፏን ይዞ ጠበቀው። ሳይጠየቅ ወደ ቀኙ ጎማ ወሰደውና ቆቡን ነቀለ። ዘንጉን በጫፉ የሚያውቁት እንዲህ ነው ብሎ ዳዶውን፣ ቦዩን፣ ብረቷን አሳየው። ያን ቀን አንድም የሚባል ነገር አልነበረም። ሊቀ መንበሩ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ጊዜ አየ።

"ምነው ታዲያ አልነገሩን፣ የኔታ?"

"ቡሎን ስትቆጥሩ ከረማችሁ። የወጣ ነገር አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።"

"ብጠይቅዎትስ ኖሮ?"

አባቴ እጁን በጨርቅ ጠረገና ወደ እኔ አየ። "እነግርህ ነበራ፣ ልጄ። መዋሸት አልችልም። እሷም በቃሬዛ ትሄድ ነበር።"

ሊቀ መንበሩ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ልጄ በረንዳ ላይ እቅፌ ውስጥ ነበረች። ቀና ብሎ እሷን አየ፤ መሬት መሬት አየ።

"እንኳን አልጠየቅሁዎት" አለ።

መኪናዋን ግን ወሰዳት። ለጊዜው።

ከዚያ በኋላ አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በእግሩ ነው፤ በቀበሌው አጥር በኩል ሲያልፍ ቆማ ያያታል። እናቴ "አይቆጭህም?" ስትለው "ሥራዋን ጨርሳለች" ይላታል፤ እሱ ካለ ደግሞ እውነቱን ነው። ግቢያችን የቀረው የእንፍራንዙ ዲፈረንሻል ብቻ ነው። የሚወስደው ሰው አልመጣም፤ ውሳኔውም አልተሻረም። ልጄ በዓመቷ ቆማ መሄድ የተማረችው እሱን ይዛ ነው፤ በስንዝር ተኩል ያነሰው ለእሷ ልክ ነበር።